ከማደያው ግንብ ሥር የቆመ ደመራ

ሰውን መጥላት የተማርኩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። አስተማሪዎቼ ብዙ ነበሩ፤ የሚጠላው ሰው ግን አንድ ብቻ ስለነበር ትምህርቱ ቶሎ ገባኝ። ጋሼ ብርሃነመስቀል ይባላል። አሜሪካ ውስጥ፣ ፌርፋክስ የሚባል ጎዳና ላይ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የነዳጅ ማደያ ነበረው። እኛ ለጸሎት የተከራየነው አዳራሽ ከማደያው ጎን ነው፤ የሚለያየን አንድ የብሎኬት ግንብ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

አዳራሹ ለእኛ ቀላል ነገር አልነበረም። ምእመኑ ለዓመታት የሰው ቤተ ክርስቲያን እየተዋሰ፣ ፈረንጆቹ ጸሎታቸውን እስኪጨርሱ በረንዳ ላይ እየጠበቀ ኖሯል። አሁን የራሳችን ቁልፍ ነበረን። ቁልፉን የሚይዘው የኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ አባቴ ይስሐቅ ነው። ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ሲሠራ ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ቁልፍ ሲያቀባብል ይውላል፤ ይሄኛውን ግን ከቀበቶው አይለየውም። ሲራመድ ይንቃጨላል። ያ ድምፅ ሲቀርብ የሚያወሩ ሴቶች ዝም ይሉ ነበር፤ እኔም በአባቴ እኮራ ነበር።

ከአዳራሹ ጀርባ አስፋልት የለበሰ ጠባብ ግቢ አለ። ከግንቡ በላይ፣ ከማደያው በኩል፣ ሦስት ቀጫጭን የብረት ቧንቧዎች ብቅ ብለው ይታያሉ። ጫፋቸው ላይ ትንንሽ ቆብ አላቸው። እኔ ጋሼ ብርሃነመስቀል ቅዳሴያችንን የሚሰልልባቸው ይመስለኝ ነበር፤ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ነግሬያቸው ሁሉም አምነውኛል። ከቧንቧዎቹ አጠገብ ስናልፍ ድምፃችንን እንቀንስ ነበር።

የመሬት ውስጥ ታንኮቹ መተንፈሻ መሆናቸውን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ቦቴ መጥቶ ነዳጅ ሲገለብጥ ታንኩ ውስጥ የነበረው የቤንዚን ትነት መሄጃ ይፈልጋል። አብዛኛው በቱቦ ወደ ቦቴው ይመለሳል፤ የተረፈው ደግሞ በእነዚያ ቧንቧዎች ይወጣል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ወደ ሰማይ አይሄድም፤ ወደ መሬት ወርዶ እሳት ካለበት ድረስ ይሳባል።

ጋሼ ብርሃነመስቀል ለመጠላት የሚመች ሰው ነበር፤ ይህን ዛሬም አልክድም። ኳሳችን ግንቡን ከተሻገረ አይመልስም። ቅዳሴ አርፍዶ ይመጣል፣ ስብከት ሳያልቅ ይወጣል። አንድ ቀን የሰፈራችን ሰው ጎማው ተንፍሶበት “ጋሼ፣ የአገር ልጅ አይደለን እንዴ፣ በነፃ ሙላልኝ” ቢለው “የአገር ልጅነት ጎማ አይነፋም” ብሎታል። ሚስቱ እትዬ አምሳለ ግን የክርስትና እናቴ ነበረች። ኳሳችንን በሱቁ ኋላ በር ዞራ የምታመጣልን እሷ ናት። ከእናቴ ጋር በአንድ ዓመት ዲቪ ደርሷቸው መጥተው፣ ክሬንሾው አካባቢ አንድ ክፍል ለሁለት ተከራይተው፣ አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተው ነው አሜሪካን የጀመሩት። እናቴ፣ ስሟ ሰርክ ነው፣ ለማንም የማትለሰልስ ሴት ነች፤ “አምሱ” ስትል ግን ድምፅዋ ሌላ ይሆን ነበር።

በዚያ ዓመት አባዬ የደመራ ሐሳብ መጣለት። ከዚያ በፊት መስቀልን የምናከብረው በሻማ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ዞር ዞር ብለን ወደ ቤት። ሊትል ኢትዮጵያ የሚለው ሰሌዳ መንገዱ ላይ ከተሰቀለ ገና ዓመት ቢሆነው ነው። አባዬ ስብሰባ ላይ ተነስቶ “ስሙን እነሱ ሰጥተውናል፤ እሳቱን ደግሞ እኛ እንለኩስበታለን” አለ። ተጨበጨበለት፣ እልል ተባለለት። ቫን ናይስ ሰፈር ውስጥ ዛፍ የሚቆርጥ ሜክሲካዊ ወዳጅ ነበረውና ቀጫጭን የባሕር ዛፍ እንጨት በፒካፕ አስጭኖ አመጣ። ቀሲስ ግቢውን ተዘዋውረው አዩና በምሥራቅ በኩል ይሁን አሉ፤ ጸሎት አድርሰው ጸበል ረጩበት። ምሥራቁ ግንቡ ነው። ደመራው ሰኞ ዕለት ግንቡን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ልክ ከቧንቧዎቹ ሥር ቆመ።

ጋሼ ብርሃነመስቀል የዚያኑ ዕለት ከሰዓት የማደያውን ሸሚዝ እንደለበሰ መጣ።

“ይስሐቅ፣ ይህን እንጨት አንሳ።”

“ደህና ዋላችሁ አይባልም?” አለ አባዬ።

“ደህና እንድትውል እንጨቱን አንሳ። ታንኮቼ እዚህ ግንብ ሥር ናቸው፤ መተንፈሻው እላይህ ላይ ነው። አትሊስት ሃምሳ ፊት፣ ሃያ እርምጃ ያህል፣ አርቀው።”

“ሃምሳ ፊት ካራቅነው ፌርፋክስ መሃል አውቶቡስ ላይ ልንለኩሰው ነው።”

ሰው ሳቀ። ጋሼ ብርሃነመስቀል አልሳቀም። “እንግዲያው አትለኩሱ! ሻማችሁን ይዛችሁ ዙሩ።”

“የተባረከ ደመራ አይነሳም” አለ አባዬ። “ቀሲስ የባረኩትን አንተ ልታስነሳ ነው?”

“የእኔ ኢንሹራንስ ቡራኬ አያውቅም! ቢፈነዳ የሚከፍልልኝ የለም፤ የእናንተን ሬሳ እኔ አልለቅምም!”

እንዲህ ነበር የሚናገረው። እውነቱን የሚነግርህ ፊትህን በጥፊ ብሎ ነው። ረቡዕ ሦስት ሽማግሌዎች ተላኩበት። ወንበር ሳይሰጣቸው፣ ካሸሩ ላይ እንደቆመ፣ የደንበኛ ካርድ እየፈተገ ሰማቸውና “ገብርኤል ራሱ ከሰማይ ቢወርድ እዚህ ግንብ ሥር ክብሪት አይጭርም!” ብሎ መለሳቸው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ማታ ላይ ወሬው “ገብርኤልን አላስገባም አለ” ሆነ። ዓርብ ደግሞ “ገብርኤልን ቤት አቃጣይ አለው” ሆኖ ባልድዊን ሂልስ ድረስ ተሰማ። አንዱ “ስሙ ብርሃነመስቀል፣ ሥራው የመስቀልን ብርሃን ማጥፋት” ብሎ ቀለደና ያቺ ቀልድ ስሙ ላይ ተለጥፋ ቀረች።

ዓርብ ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዬን ስሠራ እናቴና አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ ይጨቃጨቁ ነበር።

“ሰውየው እኮ አፉ ነው እንጂ ነገሩ…” አለች እናቴ።

“ነገሩ ምን?”

“እዚያ ሥር የሚቆሙት ልጆች ናቸው፣ ይስሐቅ። መዘምራኑን ከፊት ነው ያደረጋችኋቸው።”

“ሰውየው የሚያመልከው ኢንሹራንሱን ነው! ከእግዜር በላይ ኢንሹራንሱን! አንቺም ነገ ኮሚቴው ፊት እንዳታሳፍሪኝ።”

እናቴ ወደ ሳህኖቿ ዞረች። እኔ ኢንሹራንስ የጣዖት ስም ነው ብዬ ያዝኩ። ከማደያው ሱቅ በስተኋላ፣ ከፍሪጆቹ ጀርባ፣ ጋሼ ብርሃነመስቀል ሌሊት እየገባ የሚሰግድለት፣ ኮካ ኮላ የሚቀዳለት ሆዳም ምስል በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ። እናቴ ዝም ያለችው ከአባዬ ጋር ስለተስማማች መሰለኝ። ሰው ዝም ሲል ሐሳቡን አሁንም ይዞ ሊሆን እንደሚችል ማን ነግሮኝ።

ቅዳሜ ከበረሃ በኩል የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ተነሳ። ሴቶቹ ነጠላቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የሚሄዱት። አደይ ስላልተገኘ ከሱፐርማርኬት የተገዛ ቢጫ አበባ ደመራው ላይ ታስሯል። ግቢው ጢም አለ፤ ከቫን ናይስ ፍሪዌይ አቋርጦ የመጣ ሰው እንኳ ነበር። ማደያው ግን ዝግ ነው። ጋሼ ብርሃነመስቀል መግቢያውን በሰንሰለት ዘግቶ፣ ፓምፖቹን አጥፍቶ፣ ደጁ ላይ ቆሟል። እንግዶቻችን መኪና እንዳያቆሙበት ብሎ መሰለኝ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። የሳምንቱን ትልቁን ገበያ ለእኛ እሳት ብሎ እንደዘጋ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

ጸሎቱ ተጀምሮ ሳለ ቦቴ መጣ። ጠዋት መምጣት የነበረበት መኪና መንገድ ተዘግቶበት አርፍዶ ነው። ጋሼ ብርሃነመስቀል ሾፌሩ ላይ እጁን እያወናጨፈ ሲጮህ በግቢው በር ክፍተት አየሁት። ሾፌሩ ትከሻውን ነቅንቆ፣ ሰንሰለቱን ራሱ ፈትቶ ገባና ቱቦውን ዘረጋ። እኔ ጋሼ ብርሃነመስቀል መዝሙራችንን በሞተር ድምፅ ሊያፍን ሆን ብሎ ያስጠራው መሰለኝና ከጎኔ ለነበረችው ልጅ ይህንኑ አንሾካሾክሁላት። በኋላ እንደሰማሁት፣ ሰውየው ዛሬ አትምጡ ብሎ ሦስት ቀን ሙሉ ሲለምናቸው ከርሟል። የቦቴውን ሰዓት የሚወስነው ግን እሱ አልነበረም።

እኔ ከመዘምራኑ ፊት ነበርኩ፤ ደመራው እጄን ብዘረጋ ይነካል። ቀና ስል ከቧንቧዎቹ ጫፍ በላይ አየሩ ሲርገበገብ አየሁ። ከኋላው ያለው የዘንባባ ዛፍ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይወዛወዛል። በጣም ያምር ነበር። የተዘመረለት መልአክ የመጣ መሰለኝ።

“እማዬ፣ እዪ! ሰማዩ ይንቀጠቀጣል!”

እናቴ ቀና አለች። ከዚያ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። እየተጋፋች ወደ አባዬ ሄደችና እጅጌውን ጎተተችው። አባዬ በአንድ እጁ ችቦ፣ በሌላው ላይተር ይዞ ቀሲስ ጸሎቱን እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ዞርም አላለ። “ዛሬ አይደለም፣ ሰርክ” አላት፤ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ተመልሳ እጄን ያዘችኝና ከግቢው አወጣችኝ። ፌርፋክስን ቀይ መብራት ሳትጠብቅ ተሻገርን። ልብስ ማጠቢያው ደጅ የሕዝብ ስልክ ነበር፤ እሱ ላይ ቆማ ቀስ ባለ እንግሊዝኛ ተናገረች። “ችልድረን” ስትል ሰማሁ፤ “ፕሊስ፣ ሃሪ” ብላ ስታጣድፍ ሰማሁ። “ለማን ነው?” አልኳት። “ዳቦው ዘገየ፤ ለዳቦ ቤቱ ነው” አለችኝ። ዳቦው በእርግጥ ዘግይቶ ነበር፤ አመንኳት። ጋሼ ብርሃነመስቀል ከመንገዱ ማዶ፣ ከሰንሰለቱ አጠገብ ቆሞ አፍጥጦ ያየን ነበር። ዳቦአችንን ሊያስቀርብን የፈለገ መሰለኝ።

ስንመለስ እናቴ በሩ ላይ አቆመችኝ፤ ጋሼ ብርሃነመስቀል ግቢያችን ገብቷል። በግራ በቀኝ እጁ ሁለት ቀያይ እሳት ማጥፊያ አንጠልጥሎ በአባዬና በደመራው መካከል ቆሟል። ሰዉ ያጉረመርማል።

“ቦቴው እስኪሄድ! በማርያም፣ ቦቴው እስኪሄድ ብቻ ጠብቁ!”

“በዓል በቦቴ አይቆምም!” አለ አባዬ፤ ገፋውም። ጋሼ ብርሃነመስቀል ከነማጥፊያዎቹ ደመራው ላይ ወደቀ። እንጨቱ ተንኮታኮተ፣ ቢጫው አበባ ፀጉሩ ላይ ቀረ። ሰዎች ሳቁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደዚያ ሲሳቅ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሳቁ ሳያልቅ ሳይረን መጣ።

የእሳት አደጋ ሰዎች ከነቦት ጫማቸው ሲገቡ ሁሉም ፊቱን ወደ ጋሼ ብርሃነመስቀል አዞረ። አፉ ተከፍቶ ነበር። የተገረመ ለመምሰል ነው አልኩ በልቤ፤ አስመሳይ! ዓይኑ በሕዝቡ ላይ ዞረና እናቴ ላይ ቆመ። ትከሻዬን የያዘው የእናቴ እጅ ጠበቀ፣ አሳመመኝም። ቀሲስ ሊያለቅሱ ደርሰው “አንተ ነህ የጠራህብን?” አሉት።

ጋሼ ብርሃነመስቀል ካለበት ተነሳ፤ አበባውን ከራሱ ላይ አራገፈ።

“እኔ ነኝ። ምን ይጠበስ?”

ደመራው አልተለኮሰም። የእሳት አደጋ ሰዎቹ እንጨቱን እየነቀሉ ከመንገዱ ዳር ከመሩት፤ ሴቶቹ አለቀሱ። በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን አንዱ ኃላፊ አዳራሹን ልየው ብሎ ገባ። የኋላ በራችን የሚከፈተው ወደ ግንቡ ነው፤ ያን ሁሉ ሕዝብ በችግር ጊዜ የሚያስወጣ ሌላ በር የለም። ወር ሳይሞላ ለስብሰባ አይሆንም ተብሎ ተዘጋ። ተመልሰን ክሬንሾው የሰው ቤተ ክርስቲያን በረንዳ ላይ መቆም ጀመርን። አባዬ ቁልፉን ያስረከበ ዕለት እራት አልበላም።

ከዚያ በኋላ ከጋሼ ብርሃነመስቀል ነዳጅ የቀዳ ሐበሻ የለም። አባዬ ቤንዚን ለመቅዳት ቤንዚን እያቃጠለ እስከ ክሬንሾው ይነዳ ነበር። ሰላምታ ተከለከለ፤ ማኅበር ላይ ጽዋው አልፎት ይሄዳል፤ በኋላ መምጣቱንም ተወ። እትዬ አምሳለን ራሷን በሻርፕ ጠቅልላ ገበያ ውስጥ አገኘናት። ስታየን ፊቷን ወደ ምስር መደርደሪያው አዞረች። ኮራችብን ብዬ ተናደድኩ። ፀጉሯን የካንሰር መድኃኒት እንደጨረሰው፣ ፊቷንም ያዞረችው እናቴ በሰው ፊት ከሁለት አንዱን እንዳትመርጥ ብላ መሆኑን ለመረዳት እኔም ሴት መሆን ነበረብኝ።

ከገና በኋላ ሞተች። የእኛ ሰው ለጠላቱ እንኳ ለቅሶ ይደርሳል፤ ቂም ድንኳን ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፣ ተለቅሶ ሲያበቃ ይነሳል። ይህን የሚያስተምሩን እነዚያው ሽማግሌዎች ነበሩ። ኮሚቴው ተሰብስቦ “ቤተ ክርስቲያን ላዘጋ ሰው” አለ፤ የተቀረውን መናገር አላስፈለገውም። ማንም አልሄደም። እኔም ፍርዱ ትክክል መሰለኝ፤ ልጅ ፍርድ ሲከብድ ደስ ይለዋል። የክርስትና እናቴ መሆኗን ያነሳልኝ ሰው አልነበረም።

በሞተች ማግስት ስልካችን ጮኸ፤ አነሳሁ።

“ኤልሲ፣ እናትሽን ስጪኝ” አለ ጋሼ ብርሃነመስቀል።

እናቴ ከሶፋው ላይ ሆና ድምፁን ሰማች። እጇን አወዛወዘች፤ የለችም በዪው።

“የለችም” አልኩት።

“እሺ የኔ ልጅ” አለና ዘጋው። የኔ ልጅ ብሎኝ አያውቅም ነበር። እናቴ መታጠቢያ ቤት ገባችና ቧንቧውን ከፍታ ብዙ ቆየች። እኔ ጠላታችንን አንድ ላይ ያሸነፍነው መስሎኝ እስክትወጣ በሩ ላይ ጠበቅኋት።

አባዬ ይህን ታሪክ ዛሬም በየመስቀሉ ይተርከዋል። ሽማግሌ ሆኗል፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቀው እሱ ነው። በሱ ትረካ ጋሼ ብርሃነመስቀል አልወደቀም፣ ደመራውን በእርግጫ ነው የጣለው። በየዓመቱ አንድ ርግጫ ይጨመራል። ባለፈው መስቀል ወጣቶቹ ፊት ሲያወራ “አባዬ፣ እንደዚያ አልነበረም” ስለው “አንቺ ልጅ ነበርሽ፤ ምን ታውቂያለሽ?” አለኝ። ወጣቶቹ ሳቁብኝ። ያ ሳቅ እስካሁን ያቃጥለኛል።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይቶ እናቴን ከዓይን ሐኪም ይዣት በፌርፋክስ ስንመለስ ማደያው በአጥር ታጥሮ አየነው። ጋሼ ብርሃነመስቀል ሸጦታል፤ ቦታው ላይ አፓርትመንት ሊሠራበት ነው። ኤክስካቫተሩ ታንኮቹን እያወጣ ነበር። አንዱ ታንክ ጭቃ ለብሶ ግንቡ በነበረበት ቦታ ተጋድሟል፤ ከእኛ አዳራሽ በር ጋር እንዲህ መቀራረቡን እኔም ያን ቀን ነው ያየሁት።

“ፓርክ አድርጊ” አለችኝ እናቴ።

አቆምኩ። ለረጅም ጊዜ በመስኮቱ አየች።

“የደወልኩት እኔ ነኝ” አለች።

“ለእሳት አደጋው?”

“ለዳቦ ቤቱ ነው ብዬሽ አልነበር? ለዳቦ ቤቱ አልነበረም። ሽታው አፍንጫዬ ገብቶ አንቺ እዚያ ሥር ቆመሽ… ላይተሩን ይዟል እኮ አባትሽ!” ድምፅዋ ተቆጣ፤ በማን እንደተቆጣች ግን እሷም የምታውቅ አልመሰለኝም።

“ጋሼ ብርሃነመስቀል ያውቅ ነበር?”

“ስደውል አይቶኛል። ለምን በራስህ ላይ አመጣህ ብዬ ጠይቄው ነበር አንድ ጊዜ። ‘ቀድሞስ ይወዱኝ ነበር? ደግሞ እኔ መደወል ሲገባኝ ሴት ቀደመችኝ ልበል?’ አለኝ። ኩሩ ነው። ደግ አድርገሽ እንዳትወስጂው።”

“አንቺስ? ይሄን ሁሉ ዓመት ዝም?”

“ቤተ ክርስቲያኑን ያዘጋች ሴት ብዬ ልኑር? ካንቺ ጋር ሜዳ ላይ ልውደቅ? ኤልሲ፣ አንቺ እዚህ ያደግሽ ነሽ፤ አይገባሽም።”

ገብቶኛል። ያናደደኝም እሱ ነው። “ለቅሶውስ? አምሱ እኮ ናት። አንድ ፍራሽ ላይ አብረሻት የተኛሽ።”

ኤክስካቫተሩ ሁለተኛውን ታንክ መቆፈር ጀምሯል።

“አንቺ የለችም ካልሽው በኋላ፣ ትምህርት ቤት እያለሽ፣ ደግሞ ደወለ። አነሳሁት። ‘አምሳለ ሬሳዬን ባዕድ እንዳይነካው ብላኛለች፤ የሚያጥባትና የሚገንዛት ሴት አጣሁ፤ አንቺ ብቻ ነይ፣ በኋላ በር አስገባሻለሁ፣ ማንም አያይሽም’ አለኝ።”

“ምን አልሽው?”

“ምንም። ስልኩን ዘጋሁበት።”

“ታዲያ ማን አጠባት?”

“እሱ። ወንድ ልጅ፣ ብቻውን፣ የፈረንጅ አስከሬን ቤት ውስጥ። ዓመት ቆይቶ ክሊኒክ ደጅ ላይ ተገጣጠምን። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ ‘አጠብኳት’ አለኝ። ‘እጄ ቤንዚን ቤንዚን እንዳይሸታት ደጋግሜ ታጠብኩ፤ አልለቅ አለኝ’ አለኝ።”

መኪናውን አስነሳሁ። መንገዱ እስኪለቀቅልኝ ስጠብቅ እናቴ ቀበቶዋን አሰረች፤ ዓይኗን በሶፍት ጠረገች፤ ነጠላዋን አስተካከለች።

“ኤልሲ” አለችኝ፣ “አባትሽ እንዳይሰማ።”

እሺ አልኳት። እስካሁንም አልሰማም፤ ከአፌ አንዲት ቃል አልወጣችም፤ የጻፈው እጄ ነው። ግን አባዬ የዓይኑ ነገር ደህና ነው፤ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ካገኘም ሳያነበው አያልፍም።